ጡብ ላይ ተቀርጾ የሚሠራ የግድግዳ ምስል ለማዘዝ ለምታስቡ

ጭቃና_እሳት (ሊንከን፣ ነብራስካ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ጡብ ላይ ቅርጽ በሚያወጣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ለባንክና ለኩባንያ ሕንፃ የሚሆኑ ትልልቅ የግድግዳ ምስሎች እንሠራለን። እዚህ መድረክ ላይ አርክቴክትም ኮንትራክተርም ብዙ ስላላችሁ ሥራውን ከውስጥ ሆኜ ላስረዳችሁ ብዬ ነው።

ብዙ ሰው የሚመስለው ግድግዳው ተገንብቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው መዶሻና መሮ ይዞ መጥቶ የሚፈለፍለው ነው። እንደዚያም የሠሩ አሉ። እንግሊዛዊው ዋልተር ሪቺ የተቃጠለና የተገነባ ጡብ ላይ ይቀርጽ ነበር። ብሪስቶል ከተማ የዓይን ሆስፒታሉ ላይ ያሉት አምስት ትልልቅ ምስሎች የእሱ ናቸው። እኛ ግን የምንቀርጸው ገና ያልተቃጠለ ጥሬ ጡብ ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ጭቃውን በማሽን ገፍቶ በሽቦ ይቆርጠዋል። እርጥበቱን ሳይለቅ በላስቲክ ተሸፍኖ ወደ እኛ ይመጣል። ያኔ እንደ ደረቅ ሳሙና ነው፤ ቢላም ሽቦም ይቆርጠዋል፣ ግን ቅርጹን ይይዛል። ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል ያለ ትልቅ ማቆሚያ ላይ ያለ ሲሚንቶ እንደረድረዋለን። ከዚያ ንድፉን በአራት ማዕዘን ከፋፍለን እናሰፋለን፣ ጡቦቹ ላይ እንገለብጣለን፣ መቅረጽ እንጀምራለን። ሲያልቅ እያንዳንዱ ጡብ ጀርባው ላይ የረድፉ ፊደልና ተራ ቁጥሩ ይጻፍበታል። ፈርሶ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ እቶን ገብቶ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቃጠላል። ከዚያ ግንበኛው ቁጥሩን እያየ ግድግዳው ላይ ይደረድረዋል።

ቀለም የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ የሚላጥ ነገር የለውም። ምስሉ ራሱ ግድግዳው ነው። እኔ ሥራውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። አዛዦች የሚደውሉልን ሕንፃው ጣሪያ ሊለብስ ሲል ነው። "ባዶ ቦታ ተርፎናል፣ አንድ ነገር አድርጉልን" ይላሉ። ያኔ የግድግዳው ንድፍ አልቋል፣ መሠረቱ ፈሷል፣ ጡቡ ከሌላ ፋብሪካ ታዟል። እባካችሁ ግድግዳው ገና ወረቀት ላይ እያለ ጥሩን። ቀራጩ፣ ጡብ ፋብሪካውና ግንበኛው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ጥያቄ ካላችሁ በቻልኩት እመልሳለሁ።

---

አርክቴክቷ_ከቦሌ

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጭቃ ሲደርቅና ሲቃጠል ይኮማተራል። 6 ሜትር ብለህ የቀረጽከው ምስል ሲቃጠል ስንት ይሆናል? ደግሞስ ስትቀርጹ ሲሚንቶ የለም፤ ሲገነባ ግን በየጡቡ መሀል መጋጠሚያ ይገባል። ምስሉ አይበላሽም?

---

ጭቃና_እሳት

እህቴ፣ የሥራውን እምብርት ነው የነካሽው።

የሚኮማተርበት መጠን እንደ ጭቃው ዓይነት ይለያያል። ለስሌት እንዲመች 10 በመቶ እንበል። እዚህ የተለመደው ጡብ ሲቃጠል ርዝመቱ 19.4፣ ቁመቱ 5.7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጥሬው 21.5 በ6.3 ይሆናል ማለት ነው። አሁን ጥሬዎቹን ዝም ብለሽ አነባብረሽ ብትቀርጪና በኋላ 1 ሴንቲሜትር መጋጠሚያ ቢገባ፣ አግድም ከ21.5 ወደ 20.4 ይወርዳል። ወደ ላይ ግን ከ6.3 ወደ 6.7 ያድጋል። ምስሉ በጎን ይጠብና በቁመት ይረዝማል። ክብ ፊት የቀረጽሽው ሞላላ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በየጡቡ መሀል 1.1 ሴንቲሜትር የሚሆን ቀጭን እንጨት እናስገባለን። ያኔ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል 10 በመቶ ይቀንሳል። 6 ሜትር እንዲሆን የምንፈልገውን 6.67 ሜትር አድርገን እንቀርጸዋለን።

ሌላው፣ መጋጠሚያው የት እንደሚያርፍ ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ መታየት አለበት። የሰው ዓይን በፍጹም መጋጠሚያ ላይ መዋል የለበትም። የከንፈር ጫፍ፣ የጣት ጫፍም እንደዚያው። ንድፉን ግማሽ ጡብ ወደ ጎን ማሸሽ ብዙ ፊት ያድናል።

---

ማሽን_ይሥራው

ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ቀርጸህ ማሽን የሚፈለፍልበት ዘመን ነው። ከሲሚንቶ በሻጋታ ማውጣትም ይቻላል፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው። አንድ ኩባንያ በእጅ የሚሠራ የጡብ ቅርጽ ለምን ይጠብቃል?

---

ጭቃና_እሳት

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ማሽንን አልጠላም፣ ንድፉን ለማስፋት እኛም ኮምፒውተር እንጠቀማለን። በሻጋታ የወጣ የሲሚንቶ ሰሌዳ ግን ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ሌላ ነገር ነው። የራሱ ማንጠልጠያ ብረት፣ የራሱ መጋጠሚያ፣ የራሱ ጥገና አለው። የተቀረጸ ጡብ ከጎኑ ካለው ተራ ጡብ ጋር በአንድ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ታስሮ አብሮ ይቆማል።

ተመሳሳይ ቅርጽ 200 ጊዜ ከፈለግክ ሻጋታ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ከተማ ታሪክ የሚሆን ምስል ከሆነ ግን በእጅ የተቆረጠ ጭቃ ላይ የቢላው ምት ይታያል። ሰው ቀርቦ ይነካዋል። ሕፃናት ጣታቸውን እያስገቡ ይከተሉታል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

---

የድሮ_ነገር_ወዳጅ

ሻጋታ ከተነሳ ዘንድ፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ባቢሎን ላይ በዳግማዊ ናቡከደነፆር ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ የከተማዋ የኢሽታር በር የተሠራው ጡብን በሻጋታ ቅርጽ አውጥቶ እንደ ብርጭቆ በሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ልባጥ ሸፍኖ ነው። በሬውም፣ ዘንዶውም፣ በሰልፉ ጎዳና ላይ ያሉት አንበሶችም እያንዳንዳቸው ከብዙ ጡብ የተገጣጠሙ ናቸው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮልዴቪ ከ1899 ጀምሮ ቆፍሮ ያወጣው ስብርባሪ በርሊን ጴርጋሞን ሙዚየም ውስጥ ተገጣጥሞ ቆሟል። የፋርሱ ንጉሥ የቀዳማዊ ዳርዮስ የጡብ ቀስተኞች ደግሞ ከጥንቷ ሱሳ ከተማ ተቆፍረው ወጥተው ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ናቸው።

ከዚያም የቀደመ አለ። ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ባለችው በጥንቷ ኡሩክ ከተማ፣ ባቢሎንን ይገዛ የነበረው የካሲት ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ካራ-ኢንዳሽ ያሠራው የኢናና የተባለች አምላክ ቤተ መቅደስ ግድግዳው ላይ ውኃ የያዙ አማልክት ነበሩበት። ሁሉም ጡብ፣ ሁሉም በሻጋታ። ከ3,400 ዓመት በፊት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የንጉሥ ትእዛዝ ነው። የዛሬው ባንክና ማዘጋጃ ቤት የነዚያን ወንበር ነው የያዙት።

---

ሮተርዳም_ነዋሪ

እኔ ከምኖርበት ከሆላንዷ ሮተርዳም ምሳሌ ላምጣ። ዌና ጎዳና ላይ በ1955 የተሠራ የእንግሊዛዊው ቀራጭ የሄንሪ ሙር የጡብ ግድግዳ አለ። ቁመቱ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ፣ ወርዱ 19 ሜትር ገደማ ነው። 16,000 ያህል ጡብ ገብቶበታል። የተሠራው ቦውሴንትረም ለሚባለው የግንባታ ማዕከል ሕንፃ ነው።

የሚገርመኝ ሙር በእጁ አንድ ጡብ አለመደርደሩ ነው። እሱ በጄሶ ትንንሽ ሞዴሎች ሠራ። ግድግዳውን ያነሱት የሆላንድ ግንበኞች ናቸው። እነዚያ የሚያብጡና የሚጎደጉዱ ቅርጾች የወጡት በነሱ እጅ ነው። ሰው ሙርን ያውቃል፣ ግንበኞቹን ማንም አያስታውስም። ይህ ልክ አይመስለኝም።

አካባቢው ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ሲሠራም ግድግዳው እንዲተርፍ ተደርጎ ዛሬም ይታያል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ሁልጊዜ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

---

ግንበኛው_ቨርጂኒያ

ልጄ ሮተርዳም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ስለ ግንበኛ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው።

እኔ እዚህ አገር ጡብ ስደረድር ነው ያረጀሁት፤ የተቀረጸ ግድግዳም ሠርቻለሁ። ለወጣቶቹ ጥቂት ነገር ልንገር። ተራ ግድግዳ ስትሠራ ገመድ ወጥረህ የጡቡን ፊት በገመዱ ታስኬዳለህ። የተቀረጸ ጡብ ላይ ግን ፊቱ ወጣ ገባ ነው፣ ገመዱ ምንም አይነግርህም። ከጀርባ ነው የምትለካው። ቱንቢህን ደጋግመህ መጣል አለብህ። እያንዳንዱን ረድፍ መጀመሪያ ያለ ሞርታር ደርድረህ ከሥዕሉ ጋር ታስተያያለህ። ከዚያ በኋላ ነው የምትገነባው።

ወደ ፊት የሚወጣ ጡብም ወሰን አለው። እዚህ አገር የግንባታ ኮዱ አንድ ጡብ ከታቹ ካለው ጡብ በቁመቱ ግማሽ ወይም በውፍረቱ ሲሶ፣ ካነሰው በላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። ቀራጩ ፈረስ ከግድግዳው ዘሎ እንዲወጣ ቢመኝ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው።

ሞርታር ፊቱ ላይ አይፍሰስ። ከፈሰሰም በጠንካራ አሲድ ለማጠብ አትሞክሩ። የጡቡን ቆዳ ይበላዋል። በግፊት አሸዋ እየረጩ ማጽዳት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፣ የወራት ልፋት በአንድ ቀን ይጠፋል። እኔ ሞርታሩ ሲደርቅ በእንጨት አነሳለሁ፣ ቀሪውን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ።

---

ጭቃና_እሳት

ጋሼ፣ ይህን አትሜ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አንድ ልጨምር። የተቃጠለ ጡብ ከእቶን ከወጣ በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በጣም በትንሹ ያድጋል። ኮንክሪት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ በረጅም ግድግዳ ላይ ለመንቀሳቀሻ የሚሆን ክፍተት ግዴታ ነው። ኢንጂነሩ ክፍተቱን በየስንት ሜትሩ ብሎ ሲያስቀምጥ ምስሉን ካላየ፣ መሀል ላይ ያለውን የሰው ፊት ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ገና ከወረቀት ጀምራችሁ ጥሩን ያልኩት ለዚህም ነው። ክፍተቱን በዛፍ ግንድ ጠርዝ ወይም በምስሉ ዳር ብናሳልፈው ማንም አያየውም።

---

የኮሚቴው_ጸሐፊ (ዳላስ)

ሰላም ወገኖች። እኛ እዚህ የኮሚዩኒቲ አዳራሽ እያሠራን ነው። የመግቢያው ግድግዳ 6 ሜትር በ3 ሜትር ነው። የጡብ ቅርጽ የሚለው ሐሳብ ኮሚቴው ውስጥ ተወዷል። ስንት ይፈጃል? ክፍያውስ እንዴት ነው? ደግሞ ግድግዳችን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ ይህ ችግር አለው?

---

ጭቃና_እሳት

ዋጋ ከዚህ ሆኜ ብነግርህ ትክክል አይሆንም። አሠራሩን ግን ልንገርህ። 18 ካሬ ሜትር ነው። በተለመደው ጡብ ካሬ ሜትሩ ከ70 በላይ ጡብ ይወስዳል፣ ስለዚህ ወደ 1,300 ጡብ ነው። ቀራጮች የሚያስከፍሉት ብዙውን ጊዜ በካሬ ነው፣ ጥልቀቱና ዝርዝሩ ዋጋውን ያንቀሳቅሰዋል። ሰማይና ተራራ ከሆነ ፈጥኖ ይሄዳል። ሃያ የሰው ፊት ካለው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ግንበኛው፣ ማጓጓዣውና መሠረቱ ለብቻ መጻፍ አለባቸው። ብዙ ጠብ የሚነሳው "ተካቷል መስሎኝ" ከሚለው ነው።

ክፍያውን በደረጃ ክፈሉ። ንድፉ ሲጸድቅ፣ ቅርጹ አልቆ ከመፍረሱ በፊት፣ ተቃጥሎ ሲደርስ። ሁለተኛው ላይ ኮሚቴው በአካል መጥቶ ይይ። ጭቃው ጥሬ እያለ ጥምጣም ይነሳል፣ አፍንጫ ይስተካከላል። ከተቃጠለ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስለ ሰሜን ግድግዳው፦ አዎ፣ ችግር ነው። የተቀረጸ ነገር የሚታየው በጥላው ነው። ዳላስ ላይ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ከአሜሪካ በጋ (ሰኔና ሐምሌ አካባቢ) ጠዋትና ማታ በቀር ፀሐይ አያገኝም። ምስሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወይ በጣም በጥልቀት ይቀረጽ፣ ወይ ከላይ ወይም ከጎን ግድግዳውን ታክኮ የሚወርድ መብራት ይገባለት። ፊት ለፊት የሚተከል ፓውዛ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል።

---

አርክቴክቷ_ከቦሌ

እዚህ አዲስ አበባ ፀሐይዋ ሌላ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ በሰኔ ሰሜኑን ግድግዳ፣ በታኅሣሥ ደቡቡን ትመታለች። እኩለ ቀን ላይ ከአናት ስለምትወርድ ትንሽ የወጣ ጠርዝ እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። ብዙ ጥልቀት ሳያስፈልግ የሚያምር ይመስለኛል።

ነገሩ ከሕንፃው ጋር አብሮ ሲታሰብ ምን እንደሚመስል እኛም አገር ማሳያ አለን። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው። ያ ሥራ የአዳራሹ አካል ነው። ግቢው በ1961 እንደ ፈረንጆቹ ሲመረቅ ጀምሮ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ዛሬ ባንኮቻችን የሚሠሩትን ፎቅ ሁሉ በመስታወት ሲጠቀልሉት ያሳዝነኛል። አንድ የመግቢያ ግድግዳ እንኳ ለቀራጭ ቢተውለት ምን ነበረበት?

የምጠይቀው፦ እዚህ በሚመረት ጡብ ይሆናል?

---

ጭቃና_እሳት

የአገራችንን ጭቃ ሳልሞክር ይሆናል አልልሽም፣ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ልንገርሽ። አንደኛ፣ መሀሉ ቀዳዳ ያለው ጡብ አይሆንም። ጥቂት ስትቆርጪ ቀዳዳው ላይ ትደርሻለሽ። ድፍን ጡብ ይቁረጡልን በይ። ሁለተኛ፣ እርጥቡን ሊሰጡሽና በኋላ መልሰው ሊያቃጥሉልሽ ፈቃደኛ መሆን አለባቸው። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የፋብሪካውን የሥራ ሂደት ያቋርጣል። እዚህ ነብራስካ ይህ ሥራ የተስፋፋው የኤንዲኮት ጡብ ፋብሪካ ለቀራጮች ጥሬ ጡብ ስለሚሰጥ ጭምር ነው። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ አሥር ሃያ ጡብ ቀርጸሽ አቃጥዪ። መጠኑን ለኪ፣ ስንጥቁን ተመልከቺ።

ከባድ ውርጭ ስለሌለባችሁ እድለኞች ናችሁ። እዚህ በብርዱ ወራት ውኃ ጡብ ውስጥ ገብቶ በረዶ ሲሆን ፊቱን ይልጠዋል። የናንተ ጠላት የክረምቱ ዝናብ ነው። ወደ ላይ የሚያይ ጠርዝ ሁሉ ውኃ እንዳይቋጥር ተዳፋት ሆኖ ይቆረጥ። ከላይ ክዳን ይኑረው። ከመሬትም ከፍ ይበል፣ ጭቃ እንዳይረጭበት።

---

ጀበና_ሠሪዋ

ስለ ማድረቅ ማንም አልተናገረም፣ እኔ ልናገር። ያደግሁት ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች ቤት ነው። ጡቡን ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ያልቃል። ውጪው ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በማይገባበት፣ ተሸፍኖ ነው መድረቅ ያለበት። የሚገለባበጠውም በየጊዜው ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ በአንድ ጡብ ላይ ካሉ ደግሞ ወፍራሙን ከጀርባው ቆፍራችሁ አቅልሉት።

እርጥበት ያለበት ሸክላ እሳት ከገባ ይፈነዳል። የእናቶቻችን እጅ ይህን ያውቀዋል። አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀመር ከሆነ ባለሙያዎቹ ከሩቅ አይፈለጉ። ሸክላ ሠሪ ለዘመናት ተንቋል፤ ስሙን ጠርተው ሲሰድቡት ኖረዋል። በባንክ ግድግዳ ላይ የእጃቸው ሥራ ቆሞ፣ ስማቸውም ከታች ተጽፎ ባይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

---

አርክቴክቷ_ከቦሌ

እህቴ፣ ልቤን ነካሽው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በእውነት መነጋገር እፈልጋለሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚቀርጹበት፣ ሸክላ ሠሪዎች የሚያደርቁበትና የሚያቃጥሉበት አንድ የሙከራ ግድግዳ እያሰብኩ ነው።

---

የኮሚቴው_ጸሐፊ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አዳራሹን ከሃያ ዓመት በኋላ ብንሸጠውስ? አዲሱ ባለቤት ሊያፈርሰው ይችላል?

---

ጭቃና_እሳት

በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፣ የአርቲስቱን መብት የሚጠብቅ። ሥራው ሳይጎዳ ከሕንፃው መነሳት የሚችል ከሆነ ባለቤቱ ለአርቲስቱ በጽሑፍ አሳውቆ 90 ቀን መስጠት አለበት። ኩዊንስ ኒውዮርክ የነበረው፣ በግድግዳ ሥዕሎች የተሸፈነው የፋይቭ ፖይንትዝ ሕንፃ ጉዳይ በዚህ ሕግ ነው የተፈረደው። ባለቤቱ የግድግዳ ሥዕሎቹን ነጭ ቀለም ስለቀባቸው በ2018 ለ21 አርቲስቶች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት።

የጡብ ቅርጽ ግን ከግድግዳው ጋር አንድ ስለሆነ ሳይጎዳ ይነሳል ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ጠበቃም ይየው። እንዲነሳ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው በራሱ የብረት ፍሬም ውስጥ ይገንባ። ይከብዳል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ግን ክሬን ሊያነሳው ይችላል።

---

ግንበኛው_ቨርጂኒያ

የመለዋወጫ ጡብም አስይዙ። መኪና ይገጨዋል፣ ልጅ በድንጋይ ይመታዋል። ከዚያው ጭቃ፣ ከዚያው ቃጠሎ የሆነ ያልተቀረጸ ጡብ አንድ ሁለት ሳጥን አዳራሹ ጓዳ ውስጥ ይቀመጥ። የቁጥሩ ካርታና ፎቶውም አብሮ።

---

የኮሚቴው_ጸሐፊ

ጋሼ፣ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ ይህን ውይይት በሙሉ አቀርበዋለሁ። መግቢያውን ወደ ምሥራቅ ማዞር ይቻል እንደሆነም አርክቴክቱን እጠይቃለሁ፣ መሠረቱ ገና አልተቆፈረም።

---

ጭቃና_እሳት

ካልተቆፈረማ አሁን ነው ጊዜው! ንድፉን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ከቅዳሜ በፊት አይቼ የጡቡን ረድፍ አስምሬበት እመልስልሃለሁ።